«አንድ ሌሊት ብቻ ነው» ለምትሉ

  ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል። ሻይ ቅዱና ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ከተለያዩ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰኝ ነው። «ቲቸር፣ ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ ተራራውን በሌሊት ማለፍ ይቻላል አሉ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው አሉ። ምን እንዘጋጅ?» ይላሉ። አንዳንዶቹ ገና እዚሁ ገዳሪፍ ናቸው። ሊቢያንም ባሕሩንም አላዩም፤ ደላላው ግን መንገዱን እስከ መጨረሻው በምላሱ ጠርጎ አሳይቷቸዋል። ሌሎቹ ሁሉንም አልፈው ጣሊያን የገቡ ናቸው፤ ተራራው ሥር ሆነው ነው የሚጽፉልኝ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጠው። በበረዶ ወቅት ያንን ተራራ በሌሊት ለማለፍ አንድ ስደተኛ ሊያደርገው የሚችል በቂ ዝግጅት የለም። ይህን የምለው የልጆቻችንን ጉልበት ንቄ አይደለም። ሰሃራን የተሻገረ ሰው ጉልበቱ አያጠያይቅም። ግን ዝግጅት ማለት ምን እንደሆነ አብረን ጠጋ ብለን ብናየው፣ ዋናው ነገር በእጃችን እንደሌለ ትረዱኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ገዳሪፍ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ሁላችንም ቀምሰነዋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከመተማ ተነስቶ በጭልጋ አድርጎ ጎንደር የወጣ ሰው ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል፤ ሜዳው ላይ በሸሚዝ ነበር፣ ላይ ሲደርስ ሹራብ ያምረዋል።

አሁን ብዙ ልጆችን የሚያታልለው ቁጥር ይኸውላችሁ። በጣሊያንና በፈረንሳይ መካከል ብዙ ስደተኛ የሚሞክረው የሞንዠኔቭር ማለፊያ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። «ይሄማ ከጎንደር ያንሳል» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ አለ። ቁጥሩ ልክ ነው። የረሳው ነገር ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስትሆን ያ ተራራ 45 ዲግሪ ላይ መሆኑን ነው። እዚያ ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቅ በረዶ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። በሰሜን ተራሮች እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ውርጭ ያውቃል፤ የእኛ ውርጭ ግን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። የእነሱ በረዶ ለወራት ይከመራል፣ እግር ሲገባበት እስከ ጉልበት ይውጣል፣ ገደሉንና መንገዱን አንድ ዓይነት ነጭ ያደርጋቸዋል።

«አንድ ሌሊት» የሚለው ቃልም ያታልላል። በእኛ አካባቢ ሌሊት ቢረዝም ቢረዝም 13 ሰዓት አይሞላም። እዚያ በታኅሣሥ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሌሊቱ 15 ሰዓት ነው። ደላላው አንድ ሌሊት ሲል የሚሸጥላችሁ እነዚያን 15 ሰዓታት ነው።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ሰዎች ልውሰዳችሁ። በዚያው በአልፕስ ተራሮች፣ ከሞንዠኔቭር በስተሰሜን፣ በሞንብላን ተራራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የሩጫ ውድድር አለ። «ኡልትራ ትሬይል ዱ ሞንብላን» ይባላል። ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ዳገቱ ሲደመር 10,000 ሜትር ገደማ ነው። ሯጮቹ ከፈረንሳይ ከሻሞኒ ከተማ አመሻሽ ላይ ይነሳሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ያድራሉ፣ ድንበር ተሻግረው ጣሊያን ይገባሉ፣ በስዊዘርላንድ አድርገው ይመለሳሉ። የሚሮጠው በነሐሴ ነው፣ በእነሱ በጋ። የዓለም ምርጥ የተራራ ሯጮች ናቸው የሚመጡት።

እነዚያን ሰዎች አዘጋጆቹ እንዲሁ አይለቋቸውም። የግዴታ ዕቃ ዝርዝር አለ። ዝናብ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት፣ ዝናብ የማያስገባ ሱሪ፣ ሙቀት የሚይዝ ተጨማሪ ልብስ፣ ጓንት፣ ቆብ፣ የራስ ላይ መብራት ከመቀየሪያ ባትሪ ጋር፣ ፊሽካ፣ የሚያብለጨልጭ የነፍስ አድን ብርድ ልብስ፣ ስልክ፣ ውሃ፣ የመጠባበቂያ ምግብ። እነዚህን ያልያዘ ሰው ይቀጣል ወይም ከውድድሩ ይወጣል። መንገዱ ምልክት ተደርጎበታል። በየጣቢያው ትኩስ ሾርባና ሐኪም አለ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 አየሩ ሲበላሽ ውድድሩን ከጀመሩት በኋላ አቁመውታል፤ በ2012 ደግሞ መንገዱን በጣም አሳጥረውታል። ማንም ፈሪ ብሎ አልሰደባቸውም።

ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደግሞ ቻይና አይታለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2021 በጋንሱ ግዛት የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ነበር፤ 172 ሰዎች ተነሱ። ሲነሱ ቀን ነበር፣ ወሩም የበረዶ ወር አልነበረም። ብዙዎቹ በቁምጣና በስስ ካናቴራ ነበሩ፤ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ግዴታ አልተደረገም ነበር። ከፍ ወዳለው ቦታ ሲደርሱ ብርቱ ነፋስ፣ ዝናብና የበረዶ ጠጠር መጣባቸው። 21 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ሊያንግ ጂንግ በአገሩ ከታወቁት የረጅም ርቀት ሯጮች ቀዳሚው ነበር። በአካባቢው የነበረ አንድ በግ ጠባቂ ስድስት ሯጮችን ወደ ዋሻ አስገብቶ እሳት አንድዶ አተረፋቸው። ስሙ ጥር ሯጭ ሞተ፤ ዋሻውን የሚያውቀው እረኛ ደግሞ ሰው አዳነ። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ብርድ ጎበዝና ሰነፍ አይለይም። የሰው ገላ ውስጡ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ35 ከወረደ አእምሮ መሳት ይጀምራል። ላብ ወይም በረዶ ያረጠበው ልብስ ሙቀትን ይጠጣል፤ ውሃ ሙቀትን ከገላ የሚወስድበት ፍጥነት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ በጂንስና በጥጥ ካልሲ በረዶ ውስጥ የገባ ጎልማሳ ደረቅ ልብስ ለብሶ ከተቀመጠ ሽማግሌ ቀድሞ ሊሞት ይችላል። እኛ በረሃ ላይ የምናውቀው ሞት ውሃ ጥም ነው፤ ያሰቃያል፣ ያስጮኻል፣ ሰው ይሰማል። ብርድ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚመጣው። «ትንሽ ልረፍ» ያሰኛል።

እንግዲህ ዝግጅት ማለት ምንድን ነው? አንደኛ ዕቃ። ሁለተኛ መንገዱን ማወቅ። ሦስተኛ የአየሩን ሁኔታ አይቶ ቀን መምረጥ። አራተኛ፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሲከፋ መመለስ መቻል። ከእነዚህ ውስጥ ስደተኛው በገንዘብ ሊገዛ የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ እሱንም ገንዘብ ከተረፈው። መንገዱን አያውቅም፣ ምልክት ወዳለበት መንገድ ቢሄድ ያገኙታል። ቀኑን የሚመርጠው ደላላው ነው። ለመመለስ ደግሞ ፊት የለውም፤ ከኋላው ዕዳ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ «ገባህ ወይ?» የሚል ስልክ አለ።

ሰው በሌሊት ተራራ የሚወጣው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ቀላል ነው። ፓስፖርት ያለው ሰው ከጣሊያኗ ኡልክስ ወደ ፈረንሳይዋ ብሪያንሶን በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ በድንበሯ ላይ ቁጥጥር መልሳ አቁማለች። ፖሊስ አስፋልቱን ሲጠብቅ ስደተኛው ወደ ዳገቱ ይሸሻል፤ ዳገቱ ላይ ሲፈልጉት ወደ ገደሉ ይሸሻል። ተራራውን ገዳይ ያደረገው በረዶው ብቻ አይደለም፤ አስፋልቱ ለእኛ መዘጋቱም ነው። ይህን መናገር አለብን፤ ሟቹ ላይ ብቻ መፍረድ ግፍ ነው።

ሟቾች ደግሞ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኤሼል ማለፊያ የተሻገረ አንድ የምዕራብ አፍሪካ ወጣት ሁለት እግሮቹ በብርድ ሞተው ተቆርጠዋል። በ2018 ጸደይ በረዶው ሲቀልጥ በብሪያንሶን አካባቢ አስከሬኖች ተገኝተዋል። በፌብሩዋሪ 2019 አንድ የቶጎ ወጣት ማለፊያውን ከተሻገረ በኋላ፣ ወደ ብሪያንሶን በሚወስደው መንገድ ዳር በብርድ ሞተ። ደላላው ቢጠየቅ «ተሻግሯል» ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ ተሻግሯል።

ደግ ሰዎችም አሉ፣ እሱንም ልንገራችሁ። የዚያ አካባቢ ነዋሪዎች በሌሊት እየወጡ የደከመ ሰው ይፈልጋሉ፣ ሻይና ብርድ ልብስ ይዘው። አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤት ቆመዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2018 የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ወንድማማችነት ሕገ መንግሥታዊ መርሕ ነው፣ ሰውን በሰብዓዊነት መርዳት በነፃነት ሊደረግ ይገባል ሲል ወሰነ። ጉዳዩን እዚያ ያደረሰው ስደተኞችን በቤቱ ያስጠለለ አንድ ገበሬ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ሁሉንም ሌሊት ሁሉም ገደል ላይ ሊደርሱ አይችሉም።

እስቲ ወደ ራሳችን ሰዎች እንመለስ። ለገና ላሊበላን ለመሳለም በእግራቸው የሚሄዱትን አስቧቸው። ቀናት፣ አንዳንዶቹም ሳምንታት ይጓዛሉ። ጊዜው ብርድ ነው፣ አገሩ ተራራ ነው፣ የበዓሉን ሌሊት ቆመው ያድራሉ። ጋቢ አላቸው፣ በሶና ቆሎ ቋጥረዋል፣ በቡድን ነው የሚሄዱት፣ ሲመሽ መንደር ገብተው «የመሸበት እንግዳ ነን» ይላሉ። ከጎንደር በጭልጋ ወደ መተማና ገላባት ይወርዱ የነበሩት የጥንት ነጋዴዎችም የሚያድሩበትን ሰፈር አውቀው ነበር የሚነሱት። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚባለው ለስላቅ ነው፤ ተራራ ላይ ግን ቅርብ የሚያድር ነው የሚደርሰው። ዳገት መውጣትና ብርድ መቻል ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብን ቤት የሚከፍትልን ሰው በሌለበት፣ ተደብቀን፣ ብቻችንን መውጣት ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ዘመዶቻችን፣ በተለይ በውጭ ያላችሁ፣ ቃላችሁ በልጆቹ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ የምታውቁት አይመስለኝም። «የእገሌ ልጅ እኮ ገባ፣ አንተስ?» የሚለው አንድ መልእክት ከደላላው ስብከት ሁሉ ይበልጣል። ልጁ ጣሊያን ውስጥ መጠለያ አግኝቶ፣ በረዶው እስኪያልፍ ልጠብቅ ብሎ ወስኖ ሳለ «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?» የሚል ስልክ ይደውልለታል። ሲያልፍ ጀግና ይባላል፣ ፎቶው ይለጠፋል፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» ይጽፋል። ያላለፈው ፎቶ አይለጠፍም። እኛ የምናየው የተረፉትን ብቻ ስለሆነ መንገዱ የሚያተርፍ ይመስለናል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ናሙና ይዞ የሚመጣ ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው።

«ታዲያ ምን እናድርግ ቲቸር?» የምትሉኝን አውቃለሁ፣ መልስ የለሽ አድርጌም ልሸኛችሁ አልፈልግም። እዚህ ያለውን ኑሮ እኔም እኖረዋለሁ። ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት። ገዳሪፍ ከካርቱም፣ ከገዚራ፣ ከሲንጃ የተፈናቀለውን ሕዝብ ተሸክማለች። ባለአገሩ ራሱ በየትምህርት ቤቱ ተጠልሎ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ራኩባ ሥር የተቀመጠ ልጅ ሜዳውን እያየ ቢያብድ አልፈርድበትም። «ታገሥ» ማለት ቀላል ነው፣ ለሚለው ሰው።

ግን ጠባብም ቢሆኑ የተከፈቱ በሮች አሉ። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ዳፊ የሚባለው የስደተኞች የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ አለ። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ከ2019 ጀምሮ በኢትዮጵያ ካሉ ስደተኞች ተማሪ መርጠው በአውሮፕላን መውሰድ ጀምረዋል፤ ያው በጀልባ ሰው የሚሰምጥባት ጣሊያን ናት። አውሮፓ የቅርብ ቤተሰብ ያለው ልጅ፣ በተለይ ዕድሜው ያልደረሰ፣ በቤተሰብ ማገናኘት ሕግ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል። የሚያልፈው ጥቂት ሰው ነው፣ አልዋሽም። ግን ስንቶቻችን ነን ማመልከቻ ጽፈን ያስገባን? ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ሲሰበሰብ ዘመድ ሁሉ ይጠራል፤ የትምህርት ማስረጃ ለማስተርጎም ሲሆን ማንም አይጠራም። ማመልከቻ መጻፍ የሚቸግረው ካለ በኢንቦክስ ይጻፍልኝ፣ አብረን እንቀመጣለን። ክፍያ የለውም።

ጣሊያን ላይ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ደግሞ ለብቻችሁ። ሂዱ አልልም፤ በበረዶው ወቅት አትሂዱ ነው የምለው። ያላችሁበት ሆናችሁ ወረቀታችሁን ጠይቁ፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማኅበራትን ፈልጉ፣ ቢያንስ ፀሐይ እስክትመለስ ጠብቁ። በኡልክስም በብሪያንሶንም በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሟቸው ማረፊያዎች አሉ፤ ከደላላው በፊት እነሱን ስለ አየሩ ጠይቁ። ምክሬን ባትሰሙም ግን እነዚህን ያዙ፤ አንድ ቀን ነፍስ ሊያድኑ ይችላሉ።

👉 ጥጥ ርጥበት ይዞ ይቀራል፤ ከገላችሁ ጋር የሚነካካው ልብስ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል። ደረቅ ካልሲና ጓንት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ።

👉 አንዱ ጓደኛችሁ መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ «ተዉኝ ልተኛ» ካለ፣ እየሞተ ነው። ጥላችሁት አትሂዱ። ከነፋስ ከልሉት፣ ርጥብ ልብሱን በደረቅ ቀይሩለት፣ መሐላችሁ አድርጋችሁ አሙቁት፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገር ስጡት።

👉 አልኮል አያሞቅም፤ ሙቀት ያስወጣል። የደነዘዘ እግርና እጅ በበረዶ አይታሽም።

👉 112 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ በነፃ የሚደወልበት የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው። ፖሊስ ይመጣብናል ብላችሁ አትፍሩ። ከተመለሰ ሰው ጋር ነገ እናወራለን።

ዘመዶቻችን፣ ለእናንተ የቀረኝ አንድ ልመና ነው። ዛሬ ማታ ተራራ ሥር ያለ ልጅ ካላችሁ ደውሉለት። «መቼ ነው የምትነሳው?» አትበሉት። «በረዶው እስኪያልፍ ቆይ፣ የዚህን ወር የምግብህን እኔ እልካለሁ፣ ማንም ፈሪ አይልህም» በሉት። ለተራራው ማሻገሪያ ሊዋጣ የነበረው ገንዘብ እዚያው ለሁለት ሦስት ወር ያኖረዋል። ያንን ማድረግ ካልቻላችሁ ቃሉን ብቻ ስጡት። መመለስ እንደሚችል ያወቀ ልጅ፣ ደመናውን አይቶ ለደላላው «ዛሬ አልሄድም» ለማለት አፍ ይኖረዋል።

ይህን ጽሑፍ ተራራ ሥር ላለ ልጅ፣ ወይም ለዚያ ልጅ እናት አድርሱልኝ። ማንበብ ለማትችል እናት ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩላት። ሐሳብ ያላችሁ፣ የምትቃወሙኝም፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ ያንን መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች ያያችሁትን ንገሩን። ፎቶውን ሳይሆን ሌሊቱን ንገሩን።

ሰላም እደሩ።